ድምፅን እንደ ቅርስ ማቆየት፤ የቬዳ ንባብ ሥርዓትና የታሪክ ትርጉሙ

የሰው ልጅ ከጻፈበት ዘመን ይልቅ የተናገረበት ዘመን እጅግ የራቀ ነው። ጽሕፈት ከተፈጠረ ወዲህም ቢሆን ፊደል የድምፅን ነገር ሁሉ ሊሸከም አልቻለም። ለምሳሌ ያህል በአማርኛችን «አለ» ብለን የምንጽፈው ቃል ላልቶ ሲነበብ መናገርን፣ ጠብቆ ሲነበብ መኖርን ያመለክታል። «ገና»ም እንዲሁ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ያልደረሰን ነገር፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉን ይነግረናል። ፊደሉ አንድ ሆኖ ሳለ ትርጉሙን የሚለየው ድምፁ ነው፤ ይህንንም ልዩነት አንባቢ የሚማረው ከወረቀት ሳይሆን ከእናቱ አንደበት ነው። ከዚህ የተነሣ አንድን ጥንታዊ ጽሑፍ ማቆየትና አንድን ጥንታዊ ድምፅ ማቆየት ሁለት የተለያዩ ተግባሮች መሆናቸውን እንረዳለን።

በዚህ በሁለተኛው ተግባር እጅግ ርቀው ከሄዱት መካከል የሕንድ የቬዳ አንባቢዎች ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች በሂንዱ ሥርዓተ አምልኮ የሚነገሩትን ቃላት እንዴት መጥራት እንደሚገባ በሳንስክሪት ቋንቋ ዝርዝር ስያሜ አውጥተው፣ ደንብ ደንግገው፣ ከሦስት ሺህ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ያለውን ድምፅ ከአፍ ወደ ጆሮ አስተላልፈዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስያሜዎቹን መዘርዘር ብቻ አይደለም። ያ ድምፅ በምን ዓይነት ድካም እንደ ተጠበቀ፣ ለማን እንደ ተከፈተና በማን ላይ እንደ ተዘጋ መመርመር ነው።

የተሰማው ቃል

ቬዳዎች አራት ናቸው፤ ሪግቬዳ፣ ያጁርቬዳ፣ ሳማቬዳና አታርቫቬዳ ይባላሉ። ከሁሉም ጥንታዊ የሆነው ሪግቬዳ በ10 መጻሕፍት የተከፈሉ 1028 መዝሙሮችን ይዟል፤ የስንኝ አንጓዎቹም ከ10 ሺህ በላይ ናቸው። ሊቃውንት አብዛኛውን ክፍል ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1500 እስከ 1000 ባለው ጊዜ ውስጥ በሰሜን ምዕራብ ሕንድ፣ በፑንጃብ አካባቢ እንደ ተደረሰ ይገምታሉ። እስካሁን ያልተነበቡትን የኢንዱስ ሸለቆ ምልክቶች ትተን፣ በሕንድ ምድር ዘመናቸው በእርግጥ ከታወቁት ጽሑፎች ቀደምቶቹ ንጉሥ አሾካ በ3ኛው ምዕተ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በዓለትና በዓምድ ላይ ያስቀረጻቸው ናቸው። እንግዲህ ይህ ሁሉ ግጥም ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው በሰው ጉሮሮና በሰው ጆሮ ውስጥ ነው። ሕንዳውያን ራሳቸው ቬዳን «ሽሩቲ» ይሉታል፤ ትርጉሙም «የተሰማው» ማለት ነው።

የሚሰማ ነገር እንዳይበላሽ ደግሞ የሚሰማበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ለቬዳ አጋዥ ከሆኑት ስድስት የዕውቀት ዘርፎች አንዱ «ሺክሻ» ይባላል፤ የአነጋገር ትምህርት ነው። ታይቲሪያ ኡፓኒሻድ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ የዚህን ትምህርት ክፍሎች ስድስት አድርጎ ይቆጥራቸዋል። እነርሱም የድምፁ ዓይነት፣ የዜማው ከፍታና ዝቅታ፣ የርዝመቱ ልክ፣ የሚነገርበት ኃይል፣ የአነጋገሩ እኩልነትና የቃላቱ መያያዝ ናቸው። የዚህ ትምህርት ሊቃውንት ተነባቢ ድምፆችን የደረደሩት በአፍ ውስጥ በሚፈጠሩበት ቦታ ነው። ከጉሮሮ ተነሥተው ወደ ላንቃ፣ ወደ ታጠፈ ምላስ፣ ወደ ጥርስ፣ በመጨረሻም ወደ ከንፈር ይወጣሉ። የሳንስክሪት ፊደል ተራ እስከ ዛሬ ድረስ ይህንኑ የአፍ ጉዞ ይከተላል።

የተነሣና ያልተነሣ

በግጥም ቋንቋችን «ቀለም» የምንለው የቃል ክፍል በጥንታዊው ሳንስክሪት የራሱ የድምፅ ከፍታ ነበረው። ይህም በሦስት ስያሜዎች ይገለጻል። «ኡዳታ» ማለት የተነሣ፣ «አኑዳታ» ማለት ያልተነሣ፣ «ስቫሪታ» ደግሞ ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ድምፅ ነው። ከኢንዱስ ወንዝ አጠገብ በምትገኘው በሻላቱራ ተወለደ የሚባለውና በ5ኛው ወይም በ4ኛው ምዕተ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው ታላቁ የሰዋስው ሊቅ ፓኒኒ፣ ወደ 4 ሺህ በሚጠጉ አጫጭር ደንቦች ባዋቀረው መጽሐፉ እነዚህን ሦስቱን በጥቂት ቃላት ደንግጓቸዋል። በእኛ አገር በንባብ ቤት ያለፈ ሰው ተነሽና ወዳቂ ንባብን ስለሚያውቅ ጉዳዩ እንግዳ አይሆንበትም። በሁለቱ ሥርዓቶች መካከል የዘር ዝምድና የለም፤ ይሁን እንጂ የድምፅ መነሣትና መውደቅ የዕውቀት መለኪያ ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት የአገራችን ጆሮ ዝግጁ ነው።

የከፍታው ነገር እንዲሁ ለውበት ብቻ የተጨመረ አልነበረም። ይህን የሚያስረዳ አንድ አፈ ታሪክ በጥንታውያን የሥርዓት መጻሕፍት ተመዝግቦ ይገኛል። ትቫሽትሪ የተባለው ኃያል ልጁን ኢንድራ ስለ ገደለበት ሊበቀል ይነሣል። ከመሥዋዕቱ መጠጥ የተረፈውን ወደ እሳት ያፈስስና «ኢንድራሻትሩ ሆይ፣ እደግ» ይላል። ይህ ጥምር ቃል በመጨረሻው ቀለም ላይ ሲነሣ «የኢንድራ ገዳይ» ማለት ነው፤ በመጀመሪያው ቀለም ላይ ሲነሣ ግን «ገዳዩ ኢንድራ የሆነ» ማለት ይሆናል። ትቫሽትሪ ማንሣት የነበረበትን ጥሎ መጣል የነበረበትን አነሣ። ከእሳቱ የተወለደው ቭሪትራ አደገ፤ ነገር ግን በኢንድራ እጅ ተገደለ። የፓኒኒ ሥራ ተንታኝ የሆነው ፓታንጃሊም ሰዋስው ለምን እንደሚጠና ሲያስረዳ ይህንኑ ታሪክ ይጠቅሳል። እርግማኑን ወደ ተራጋሚው የመለሰው የአንዲት ቀለም ስሕተት ነው።

ርዝመትም እንደ ከፍታው ሁሉ የተለካ ነበር። መለኪያው «ማትራ» ይባላል። አጭር አናባቢ አንድ ማትራ፣ ረጅሙ ሁለት፣ «ፕሉታ» የሚባለው እጅግ የተሳበው ሦስት ማትራ ይወስዳል። በፓኒኒ ስም የሚጠራው የሺክሻ መጽሐፍ ሰዓት በሌለበት ዘመን መለኪያውን ከተፈጥሮ ይዋሳል። አንዲቱ ሰማያዊ ወፍ አንድ ማትራ፣ ቁራ ሁለት ማትራ፣ ጣዎስ ሦስት ማትራ ይጮኻሉ ይላል። ይኸው መጽሐፍ ድምፅ እንዴት እንደሚያዝ ሲያስተምር ነብርን ምሳሌ ያደርጋል። እናት ነብር ግልገሎቿን በጥርሷ ስትሸከም እንዳይወድቁ አጥብቃ፣ እንዳይቆስሉ አላልታ ትይዛለች፤ አንባቢም ቃሉን እንዲሁ ሳይጥልና ሳይነክስ ይያዝ ይላል። ተዋናይን ለሚያሠለጥን ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር ማግኘት ያስቸግራል።

ጩኸት፣ ሹክሹክታና ዝምታ

ቃሉ በሥርዓቱ ላይ ሲውል ደግሞ የሥራ ክፍፍል ነበረው። በታላላቆቹ የእሳት መሥዋዕቶች ላይ አራት ዋና ዋና ካህናት ይቆማሉ። «ሆትሪ» የሪግቬዳን ስንኞች ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። «ኡድጋትሪ» የሳማቬዳን ዜማ ይዘምራል። «አድቫርዩ» እሳቱንና ዕቃውን በእጁ እያስተናገደ የያጁርቬዳን ቃላት በአብዛኛው በዝግታ ያጉተመትማል። «ብራህማን» የሚባለው አራተኛው ካህን ግን አብዛኛውን ጊዜ በዝምታ ተቀምጦ ያዳምጣል፤ ስሕተት ሲፈጸም ማረሚያውን የሚያዝዘው እርሱ ነው። የአራተኛው ካህን ሙያ ማዳመጥ መሆኑ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

የድምፁ ልክ ሦስት ደረጃዎች አሉት። «ቫቺካ» በግልጽ የሚሰማ ንባብ ነው። «ኡፓምሹ» ከንፈር ሲንቀሳቀስ የሚታይበት፣ ነገር ግን አጠገብ ያለ ሰው የማይሰማው ነው። «ማናሳ» በልቡና ብቻ የሚነገር ነው። በማኑ ስም የሚጠራው የሕግ መጽሐፍ ድግግሞሽ ጸሎትን ከመሥዋዕት አሥር እጥፍ፣ በኡፓምሹ የተነገረውን መቶ እጥፍ፣ በልብ የተነገረውን ሺህ እጥፍ ይበልጣል ይላል። ከዚህ ሌላ ከፍታና ዝቅታ ሳይኖረው በአንድ ድምፅ የሚሄድ ንባብ «ኤካሽሩቲ» ይባላል፤ ፓኒኒ በመሥዋዕት ጊዜ ይህ እንደሚፈቀድ ደንግጎ፣ የጉትምትምታውን ጸሎትና የሳማን ዜማ ከደንቡ ውጭ ያደርጋቸዋል። ሆትሪው ንባቡን ጨርሶ «ቫውሻት» ብሎ የመጀመሪያውን ቀለም ሲስብ አድቫርዩ ቁርባኑን እሳት ውስጥ ያፈስሳል። ድምፅና እጅ አንድ ላይ ይወርዳሉ። በሳማን ዜማ ውስጥ ደግሞ «ሃኡ»፣ «ሆይ» የሚሉ የመዝገበ ቃላት ፍቺ የሌላቸው ቀለሞች ይገባሉ፤ ስማቸው «ስቶባ» ነው። ፍቺ ባይኖራቸውም እንደ ሌላው ቃል ሁሉ በጥንቃቄ ተጠብቀዋል።

ቃልን እንደ ሹሩባ መጎንጎን

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ስሕተት እንዳይገባ የተዘረጋው የመከላከያ ዘዴ ነው። ጥቅሱ በተያያዘ መልኩ የሚነበብበት ሥርዓት «ሳምሂታ» ይባላል። ቃላቱ ተለያይተው አንድ በአንድ የሚነበቡበት ደግሞ «ፓዳ» ነው። የሪግቬዳን የፓዳ ንባብ ያዘጋጀው ሻካልያ የተባለ ሊቅ እንደሆነ ይነገራል። ከእነዚህ ቀጥለው የሚመጡትን ለመረዳት «ማለዳ ወፍ ዘመረች» የሚለውን የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ለምሳሌ እንውሰድ። «ክራማ»፣ ማለት እርምጃ፣ ቃላትን ሁለት ሁለት አድርጎ ይሄዳል፤ ማለዳ ወፍ፣ ወፍ ዘመረች። «ጃታ»፣ ማለት የተጎነጎነ ጠጉር፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል፤ ማለዳ ወፍ፣ ወፍ ማለዳ፣ ማለዳ ወፍ። የመጨረሻውና ከባዱ «ግሃና» ሲሆን ጥቅጥቅ ያለ ማለት ነው፤ ማለዳ ወፍ፣ ወፍ ማለዳ፣ ማለዳ ወፍ ዘመረች፣ ዘመረች ወፍ ማለዳ፣ ማለዳ ወፍ ዘመረች። ሦስቱ ቃላት 13 ጊዜ ተነገሩ ማለት ነው፤ ከዚያም ከሁለተኛው ቃል ጀምሮ እንደገና ይቀጥላል።

ይህ ተራ ድግግሞሽ አይደለም። ቃሉ ወደ ኋላ ሲነገር ትርጉሙ አንባቢውን አይመራውም፤ የለመደው የስንኝ ምትም አይሸከመውም። እያንዳንዱ ቃል በግራና በቀኝ ጎረቤቶቹ እየተጠበቀ ስለሚሄድ አንድ ቃል ቢጠፋ ወይም ቢጨመር ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ስሕተቱም ወዲያውኑ ይሰማል። በሳንስክሪት ቃላት ሲገናኙ ድምፃቸውና ከፍታቸው ስለሚለወጥ፣ ጎረቤቱ በተቀያየረ ቁጥር አንባቢው ለውጡን በትክክል መፈጸም ይኖርበታል። በኬራላ ያሉ የናምቡዲሪ መምህራን የተማሪውን ራስ በእጃቸው ይዘው፣ እንደ ድምፁ ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሱ ያስተምሩ ነበር። ትምህርቱ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በአንገትም ጭምር የሚገባ ነበር።

ጽሕፈት ከተስፋፋ በኋላም ቢሆን አንባቢዎቹ ለወረቀት እጃቸውን አልሰጡም። በኋላ ዘመን በተጻፉት የሪግቬዳ ቅጂዎች አኑዳታ ከሥሩ አግድም መስመር፣ ስቫሪታ ከላዩ ቀጥ ያለ መስመር ይደረግለታል፤ ኡዳታ ያለ ምልክት ይታለፋል። ይሁንና ያ የሺክሻ መጽሐፍ መጥፎ አንባቢዎችን ሲዘረዝር እንደ ዘፈን የሚያዜመውን፣ የሚቸኩለውን፣ ትርጉሙን የማያውቀውንና ድምፁ የሰለለውን ከጠቀሰ በኋላ፣ ከተጻፈ ነገር ላይ የሚያነበውንም ከእነርሱ ጋር ይቆጥረዋል።

ይህ ትዕቢት ብቻ ነውን? ታሪክ አይደለም ብሎ መስክሯል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓ የቋንቋ ሊቃውንት አንድ እንቆቅልሽ ገጥሟቸው ነበር። ያኮብ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1822 ባስፋፋው ደንብ መሠረት በሳንስክሪት «ት» የሆነው ድምፅ በጀርመናውያን ቋንቋዎች ምላስ በጥርስ መካከል ወጣ ሲል ወደሚሰማው ድምፅ መለወጥ ነበረበት። በጥንታዊው የጎት ቋንቋ «ወንድም» የሚለው ቃል ደንቡን ያከብራል፤ «አባት» የሚለው ቃል ግን «ፋዳር» ሆኖ በ«ድ» ይገኛል። በሳንስክሪት ሁለቱም፣ «ብህራታር»ና «ፒታር»፣ በ«ት» ናቸው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ካርል ቨርነር የተባለው የዴንማርክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ጽሑፍ መልሱን ሰጠ። በቬዳ ንባብ «ብህራታር» በመጀመሪያው ቀለም፣ «ፒታር» በመጨረሻው ቀለም ይነሣል፤ የጀርመናውያኑ ተነባቢ የተለያየው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ከፍታ ከሕንድ የዕለት ንግግር ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር፤ የተጠበቀው በአንባቢዎቹ ሥርዓት ውስጥ ነው። አንድ የናምቡዲሪ ሕፃን ራሱን እየተያዘ የተማረው ነገር ስለማያውቀው አህጉር ቋንቋ ምስክርነት ሰጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የተዘጋው ጆሮ

እስካሁን ያልነው የድካሙን ታላቅነት ነው። ሌላው ገጽታ ሳይነገር ቢቀር ግን ታሪክ ሳይሆን ውዳሴ ይሆንብናል። ይህ ድምፅ በትውልድ ላይ በተመሠረተ አጥር ውስጥ የኖረ ነው። ሹድራ የተባሉት፣ ማለት የእጅ ሥራና የአገልጋይነት ዕጣ የተወሰነባቸው ወገኖች፣ ቬዳን መማር ቀርቶ መስማት ተከልክለው ነበር። ጋውታማ ዳርማሱትራ የተባለው ጥንታዊ የሕግ መጽሐፍ ሆን ብሎ የሰማ ሹድራ ጆሮው በቀለጠ ማዕድንና ሙጫ እንዲሞላ፣ ያነበበ ምላሱ እንዲቆረጥ ይደነግጋል። ከብዙ ምዕተ ዓመታት በኋላ ታላቁ ፈላስፋ ሻንካራ ይህንኑ ድንጋጌ እንደ ማስረጃ ጠቅሶታል። ሴቶችም በኋለኞቹ የሕግ መጻሕፍት ከቬዳ ትምህርት ተገለሉ። ነገር ግን ሪግቬዳ ራሱ እንደ ጎሻና እንደ አፓላ ባሉ ሴቶች ስም የሚታወቁ መዝሙሮችን ይዟል። የተናገሩ ሴቶች ነበሩ፤ ከልካዩ አጥር የተሠራው ከኋላቸው ነው።

አጥሩ የሃይማኖት ብቻ ሳይሆን የኑሮም ነበር። የማኑ ሕግ ሦስቱን ቬዳዎች ለመማር 36 ዓመት፣ ወይም ግማሹን 18፣ ወይም ሩቡን 9 ዓመት ይመድባል። ይህን ያህል ዘመን የሚማር ሰው አያርስም፤ ስለዚህ የሚያርስለት ያስፈልገዋል። ነገሥታት «አግራሃራ» የሚባሉ መንደሮችን ከግብር ነፃ አድርገው ለብራህሚኖች ሲሰጡ፣ ስጦታውንም በመዳብ ሰሌዳ ሲያስቀርጹ፣ የመንደሩን ገበሬ ድካም አብረው ሰጥተዋል። እንግዲህ ድምፁን የተሸከሙት ሁለት ወገኖች ናቸው። አንደኛው በጉሮሮው፣ ሁለተኛው በትከሻው ተሸከመው። ሁለተኛው ግን ያቆየውን ነገር እንዳይሰማ ተከለከለ።

ይህን ዕዳ ለመጠየቅ የተነሡ ሰዎች በ19ኛውና በ20ኛው ምዕተ ዓመት ታዩ። ጆቲባ ፉሌ እ.ኤ.አ. በ1873 በማሃራሽትራ የእውነት ፈላጊዎችን ማኅበር መሠረተ። ከተገለሉት ወገኖች የተወለደው ቢምራኦ አምቤድካር ደግሞ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1927 በማሃድ ከተማ ከተከታዮቹ ጋር የማኑን ሕግ መጽሐፍ በእሳት አቃጠለ። በረቂቅ ኮሚቴው ሊቀ መንበርነት ያዘጋጀው የሕንድ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራ ላይ ሲውል «አይነኬነት» በአንቀጽ 17 ተሻረ። በሕግ መሻር ከኅብረተሰቡ ልማድ ወዲያው መጥፋት ማለት አለመሆኑን የሕንድ ታሪክ ራሱ ያሳያል፤ ሆኖም ጆሮን በሕግ የመዝጋት ዘመን አብቅቷል። በፑኔ ከተማም ካለፈው ምዕተ ዓመት የመጨረሻ አሠርት ዓመታት ወዲህ ሴቶች የሥርዓቱን ንባብ ተምረው በካህንነት ማገልገል ጀምረዋል።

የቀረው ጥያቄ

አጥሩ ሲፈርስ አዲስ ችግር መጣ። ፓታንጃሊ በዘመኑ የሪግቬዳን የንባብ ቅርንጫፎች 21፣ የያጁርቬዳን 101፣ የሳማቬዳን 1000፣ የአታርቫቬዳን 9 አድርጎ ይቆጥራል፤ ድምሩ 1131 ይሆናል። ዛሬ ሕይወት አላቸው የሚባሉት 13 ያህል ብቻ ናቸው። በኬራላ የመሬት ሥሪት ለውጥ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሥራ ሲውል የናምቡዲሪዎች ባለርስትነት አከተመ። ለገበሬው ፍትሕ የሆነው ነገር የንባብ ቤቱን የጥንት መተዳደሪያ አነሣ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 12 እስከ 24 ቀን 1975 በፓንጃል መንደር አንድ ታላቅ የእሳት መሥዋዕት ሲፈጸም፣ ፍሪትስ ስታል የተባለው ምሁርና ባልደረቦቹ በፊልምና በድምፅ መቅረጫ መዘገቡት። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 የቬዳን ንባብ ከሰው ልጅ የቃል ቅርሶች አንዱ መሆኑን ዐወጀ፤ በ2008ም በመዝገቡ አሰፈረው።

መዝገብና ፊልም ጠቃሚዎች ናቸው። ይሁንና የድምፅ መቅረጫ አንድን ንባብ ይይዛል እንጂ ስሕተት ሲመጣ አያርምም። በዝምታ ተቀምጦ የሚያዳምጠው አራተኛው ካህን በክሩ ውስጥ የለም። ቅርስ የሚቆየው የሚሰማ፣ የሚያውቅና የሚያርም ሰው ሲኖር ነው፤ ለዚህም መምህር፣ ተማሪና የዕለት እንጀራ ያስፈልጋል።

ከዚህ ታሪክ መምህርም ሆነ የኪነ ጥበብ ሰው ሁለት ነገሮችን ለይቶ ሊወስድ ይገባዋል። ጥንቃቄውና አጥሩ አብረው ስለኖሩ ብቻ አንድ ነገር አይደሉም። ጥንቃቄው በፓኒኒ ደንብ፣ በነብሯ ምሳሌ፣ በግሃናው ጉንጉን የተገለጠ የሰው ልጅ የአእምሮ ሥራ ነው። አጥሩ ደግሞ የገዢዎች ጥቅም ሥራ ነበር። ጥንቃቄውን ከአጥሩ ጋር የጣለ ትውልድ ደሃ ይሆናል፤ አጥሩን በጥንቃቄው ስም ያቆየ ደግሞ በዳይ ይሆናል። አስቸጋሪው ተግባር አንዲት ቀለም ሳይጥሉ በሩን ለሁሉ መክፈት ነው። የዚያ ድምፅ ባለቤቶች ብለን በታሪክ መጻፍ ያለብንም ያነበቡትን ብቻ ሳይሆን እንዳይሰሙ ተከልክለው ያበሉትንም ጭምር ነው።